አንዴ ርገጥና አጥፋ

ጋሽ ጆሮ ጋራዥ መኪና ይዞ የሚሄድ ሰው አንድ ሥርዓት ማወቅ አለበት። ከብረቱ በር ፊት ይቆማል፤ ነዳጁን አንዴ ረገጥ ያደርጋል፤ ሞተሩ ሲያጓራ እዚያው ላይ ቁልፉን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ መኪናው ተገፍቶ ነው የሚገባው። ሞተር አስነስቶ ግቢ መግባት አይፈቀድም፤ የመጣው የቱንም ያህል ትልቅ ሰው ቢሆን ከጋራዡ ጎማ ጠጋኝ፣ ከጎሚስታው ጋር ትከሻውን ሰጥቶ ይገፋል። በሩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው ጽሑፍም አጭር ነው፦ «አንዴ ርገጥና አጥፋ።»

ጋሽ ጆሮ ራሱ በሩ ሥር፣ ከተገጨ መኪና በተነቀለ ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ሞተሩ ሽቅብ ሲወጣ ያዳምጣል፤ ወርዶ ሲጠፋም ያዳምጣል። ልክ እንደጠፋ አፉን ይከፍታል። «ሁለተኛው ሲሊንደር ሰንፏል» ይላል። ወይም «ቺንጊያው ላልቷል» ይላል። አንዳንዴም «ሞተርህ ጤነኛ ነው፤ ማርሽ አቀያየር የማታውቀው አንተ ነህ» ብሎ ሰውየውን ከነመኪናው ይመልሰዋል። ይህ ሁሉ ኮፈን ሳይከፈት፣ ካቻቪቴ ሳይነሳ ነው። መሳቱ ከስንት አንዴ ነበር፤ ቢስትም ሳትክ ብሎ የሚደፍረው አልነበረም።

ይህን ሙያ ያስተማረው የድሮ አለቃው ነው። ጋሽ ጆሮ ገና ጢም ሳያበቅል የጭነት መኪናዎች ማደሪያ ውስጥ ዘይት ሲቀይር፣ አለቃው «ሞተር በሕይወት ሳለ ይዋሻል፤ ሲሞት ግን ይናዘዛል፤ ሲሞት አዳምጠው» ይለው ነበር። አዳመጠ። በዚያ ዘመን ሞተር ማለት ሞተር ነበር፤ ስድስትና ስምንት ሲሊንደር ያለው፣ አራት ጎረምሳ ተጋግዞ የሚያነሳው ብረት። የእሽቅድምድም ክበቡ ከከተማው በላይ ባለው ጠመዝማዛ ዳገት ላይ መኪኖችን በየተራ እየለቀቀ በሰዓት ሲያወዳድር፣ ጋሽ ጆሮ ከታች ቆሞ በድምፁ ብቻ «አሁን ሁለተኛው ኩርባ ላይ ደረሰ፤ አሁን ማርሽ ቀነሰ» እያለ ለሰዉ ያስተላልፍ ነበር። ጆሮ የሚለው ስም የወጣለትም እዚያ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ዛሬ የምትጠራው ባለቤቱ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ ነው።

ከዚያ ሞተር ማነስ ጀመረ። ነዳጅ ተወደደ፣ ጭስ ተጠላ፤ ፋብሪካዎቹ ስድስቱን ሲሊንደር ወደ አራት፣ አራቱን ወደ ሦስት አወረዱና በጎደለው ምትክ ቱርቦ ጨመሩበት። የቱርቦ ነገር እንዲህ ነው፤ ሞተሩ የሚተፋው ትኩስ ጭስ እንዲሁ በከንቱ አይወጣም፤ ስትሾር ዓይን የማይዛት ትንሽ መዘውር አሽከርክሮ ነው የሚወጣው። መዘውሯም በተራዋ አየር እየጠቀጠቀች ሞተሩን ታጎርሰዋለች። በዚህ ብልሃት ትንሹ ሞተር የትልቁን ያህል በልቶ የትልቁን ያህል ይሮጣል። ይህች መዘውር የምትኖረው ከእሳት አጠገብ ነው፤ ነፍሷን የሚያቆያትም ሞተሩ እየሠራ የሚልክላት ዘይት ብቻ ነው።

ጋሽ ጆሮ እንዲህ ያለውን ሞተር መጀመሪያ ሲያይ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ቆየና «የቀረውስ የት አለ?» አለ። ከዚያ «ይሄ ሞተር ነው ወይስ የስፌት መኪና?» የምትል ቀልድ አወጣ፤ ወዷትም በየቀኑ ይደጋግማት ጀመር። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሰፋው ከጋራዡ ጀርባ ባለው ቤታቸው መስኮት ሥር ስለሆነ ግቢው ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማታል። አንድ ቀን መቀሷን እንደያዘች ብቅ አለችና፣ የስፌት መኪና ስድብ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ሱሪውን ራሱ እንዲሰፋ በእርጋታ ነገረችው። ቀልዱ ለጥቂት ቀን ጋብ አለ።

እውነቱን ለመናገር ጋሽ ጆሮን ያስከፋው የሞተሩ ማነስ አልነበረም። አዲሶቹ ሞተሮች አያወሩትም። ሁሉም አንድ ዓይነት እምምም ይላሉ፤ ሲጠፉም ሳይናዘዙ ነው የሚጠፉት። ዕድሜውን ሙሉ በሰማው ነገር ሲኮራ የኖረ ሰው የሚሰማው ሲያጣ፣ አላውቅም ከማለት መናቅ ይቀለዋል። ጋሽ ጆሮም ናቀ።

ሥርዓቱ ግን አልተለወጠም። ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ የሰፈሩን ዳገት ወጥቶ በሩ ፊት የቆመ ሁሉ አንዴ ረግጦ ያጠፋል። እንዲያውም ደንበኞቹ ነገሩን ልማድ አድርገውት ከገዛ ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ሲመሽ ሰፈሩ ውስጥ አንዴ አጓርቶ ጸጥ የሚል መኪና ከተሰማ፣ ባለመኪናው የጋሽ ጆሮ ደንበኛ ነው ማለት ነው። ታዲያ ትንንሾቹ መኪኖች እንዲህ እያሉ ይከርሙና አንድ ቀን ሰማያዊ ጭስ ማጨስ ይጀምራሉ። የመምህርቷ መኪና አጨሰ፤ የመድኃኒት ሻጩም አጨሰ። ጋሽ ጆሮ በየጊዜው «ጉንዳን ላይ ጆንያ ጭነው ምን ጠብቀው ነበር?» ይላል። የታችኛው ሰፈር መካኒክ አንድ ጊዜ፣ እሱ ዘንድ የሚመጡት ቱርቦዎች እምብዛም እንደማይበላሹ ቢያጫውተው፣ አንተ ስለማትሰማ ነው ብሎ አለፈው።

ልጁን ሰፈሩ ሁሉ ሚጣ ነው የሚላት። ሙሉ ሴት ሆና፣ መንጃ ፈቃድ ለሚፈልግ ሁሉ መሪ አያያዝ የምታስተምር ባለሙያ ሆና እንኳ ሚጣ እንደተባለች ቀረች። ያደገችው በሩ ላይ፣ አባቷ ጭን ላይ ነው። መኪና መጥቶ አንዴ ረግጦ ሲያጠፋ «ምን ሰማሽ?» ይላታል፤ እሷም ገና ቃላቱን በቅጡ ሳትችል «ሳል አለው» ትላለች። ለጋሽ ጆሮ ከዚያ የበለጠ ሙዚቃ አልነበረም።

እና ሚጣ የክበቡ ተወዳዳሪ ሆነች። ዳገቱን በመውጣት ከሴትም ከወንድም የሚስተካከላት ጠፋ። ነገር ግን እሷ በገባችበት ዓመት ክበቡም እንደ ዘመኑ ተለወጠና ትልልቆቹን ሞተሮች አሰናብቶ ሁሉም በአንድ ዓይነት፣ ባለሦስት ሲሊንደር ቱርቦ መኪና እንዲወዳደሩ ደነገገ። ክበቡ ለሁሉም መኪና የሚበቃ ማደሪያ ስለሌለው መኪናውን የሚያሳድረው ነጂው ነው። ሚጣ አንዲት ነጭ መኪና ተረከበች፤ ማታ ማታም ይዛት ከወላጆቿ ጋር ወደምትኖርበት ቤት ትመጣለች።

በሩ ፊት ትቆማለች። አንዴ ረግጣ ታጠፋለች። ለሷ ይህ ሰላምታ ነው። አባቷ ከወንበሩ ሆኖ አንድ የሚያሾፍ ነገር ይወረውራል፤ እናቷ ከውስጥ ድምፁን ስትሰማ የስፌት መኪናዋን አቁማ ድስቱን እሳት ላይ ትጥዳለች። በዚያ ቤት ራት የሚሞቀው በዚህ ምልክት ነው። የክበቡ ኢንጂነር፣ መነጽሩን በግንባሩ ላይ አድርጎ ሲፈልገው የሚውል ትሑት ሰው፣ ለነጂዎቹ ሁሉ ከሩጫ በኋላ ወዲያው እንዳያጠፉ፣ ሞተሩን በቀስታ እያሠሩ ትንፋሹን እንዲሰበስብ እንዲተዉት ነግሯቸዋል። ሚጣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ይህን አንድ ቀን አጉድላ አታውቅም። ለአባቷ ብትነግረው፣ ደግሞ እሹሩሩ የሚባል ሞተር መጣ ብሎ ሳቀ። የአባቷ በር ግን ከሩጫ ተቆጥሮባት አያውቅም፤ ሰው ሰላምታውን አይቆጥርም።

የመጀመሪያው ቱርቦ በውድድሩ ወቅት መባቻ ላይ ሞተ። ክበቡ ቀየረላት። ሁለተኛው ወቅቱ ሳይጋመስ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀ። የሌሎቹ ነጂዎች መኪና ከፋብሪካ ይዞት በመጣው ቱርቦ ይሄዳል። ኢንጂነሩ ኮምፒውተሩን ሰክቶ ደጋግሞ አየ፤ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ምንም ጉድለት የለም። ከሩጫ በኋላ በቀስታ እያሠራሽ ትቆያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ሁልጊዜ አለችው፤ እውነቷን ነው። መኪናው ካልሆነ ታዲያ ነጂዋ ናት ተባለ። የክበቡ ሊቀመንበር፣ በወጣትነታቸው ራሳቸው ዳገቱን የወጡ ባልቴት፣ ሚጣን በነጂዎቹ ፊት አስጠርተው እግርሽ ከባድ ነው፤ ሞተሩን ያለ ልክ ትረግጪዋለሽ፤ ሦስተኛው ከሄደ መኪናው ለሌላ ነጂ ይሰጣል አሏት።

እግሯ ከባድ ነው የሚለው ወሬ ሰፈር ሲደርስ ጋሽ ጆሮ አልተከፋም። «ከኔ ነው የወረሰችው» እያለ ይስቅ ነበር፤ በዚያውም ስለ ትንንሽ ሞተሮች የተናገረው ሁሉ እውነት መሆኑን ለጎሚስታው ያስታውሰው ነበር። ባለቤቱ አንድ ቀን ሰማችውና «ልጅህም ስትወለድ በመዳፍ የምትያዝ ነበረች፤ ያኔም ይህቺ ትኖራለች እንዴ ብለህ ነበር» አለችው። ጋሽ ጆሮ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሚጣ ግን ማታ ራቷን ሳትጨርስ መነሣት አበዛች። መንዳት ማስተማሩ እንጀራዋ ነው፤ ነፍሷ ያለችው ግን ዳገቱ ላይ ነው። ዳገቱ ከተወሰደባት ምን እንደሚቀርላት ማንም አልጠየቃትም።

የማጠቃለያው ውድድር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጋሽ ጆሮን መንጋጋው ያመው ጀመር። ሁለት ሌሊት ሲገላበጥ አድሮ በሦስተኛው ቀን ሄዶ ጥርሱን አስነቀለ። ጥርስ ሐኪሟ ጥቅልል ጥጥ አስነከሰችውና ደሙ እስኪቆም አፉን እንዳይከፍት አስጠነቀቀችው። ጎሚስታው ይህን ሲሰማ፣ እንግዲያው ዛሬ ሰፈሩ ያርፋል አለ። ጋሽ ጆሮ መልስ መስጠት ስላልቻለ በዓይኑ ገላመጠውና ወንበሩ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ሚጣ ከልምምድ ስትመለስ የሰፈሩን ዳገት እየበረረች ወጣች። በሩ ፊት ቆመች። አንዴ ረገጠች፤ አጠፋች። ሌላ ቀን ቢሆን ጋሽ ጆሮ ይሄኔ የሚያሾፍባትን አንድ ነገር ብሎ ነበር። ዛሬ አፉ ታስሯል። ሞተሩ ሞተ፤ ጸጥ አለ፤ በጸጥታውም ውስጥ፣ ከሞተው ሞተር ሆድ፣ የሆነ ነገር አሁንም ይዞር ነበር።

ቀጭን ፉጨት ናት። እየወረደች፣ እየከሳች ሄደችና ልትቆም ስትል ደረቅ ነገር እንደሚፋቅ አሰማች። ከዚያ ቆመች። ጋሽ ጆሮ ዓይኑን ገለጠ።

ሚጣ ልትወርድ ስትል በእጁ ከለከላት፤ አስነሺ የሚል ምልክት ሰጣት። አስነሳች። እንዳትረግጥ፣ እንዲሁ ዝም ብላ እንድትጠብቅ በመዳፉ አሳያት። ጠበቀች። ሞተሩ በቀስታ እምምም እያለ ቆየ፤ ጎሚስታው እንኳ ምን ሆነ ብሎ ከጎማ ክምሩ መሃል ቀና አለ። ጋሽ ጆሮ ብዙ ካስጠበቃት በኋላ አጥፊ አላት። አጠፋች። ጆሮውን ወደ ኮፈኑ አስጠግቶ ቢያዳምጥ ፉጨት የለም፤ የሚፋቅም የለም። በሰላም ተኛ።

«አባዬ፣ ምን ሰማህ?» አለችው ሚጣ።

በልጅነቷ እሱ ይጠይቃት የነበረውን ነው የጠየቀችው። ጋሽ ጆሮ ጉንጩን በጣቱ አሳያት፤ አፌ ታስሯል እንደማለት። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ወደ ጋራዡ ገባ።

ነገሩ ቁልጭ ብሎ ነው የገባው። አንዴ ርገጥ ሲባል መዘውሯ ጣሪያ ትነካለች፤ አጥፋ ሲባል ዘይቱ ይቋረጣል። ከእሳት አጠገብ ያለች መዘውር ያለ ዘይት፣ በደረቁ፣ በገዛ ፍጥነቷ እየተፋቀች እስክትቆም ትዞራለች። ይህ የሆነው በሱ በር ላይ፣ በሱ ትእዛዝ፣ በየቀኑ ነው። ድሮ ለነበሩት ሞተሮች ምንም ጉዳት አልነበረውም፤ ቱርቦ ስላልነበራቸው። የአዲሶቹም ኑዛዜ አልቀረም ነበር። የምትመጣው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ ሁልጊዜ የሚያወራው እሱ ነው። የመምህርቷ መኪና ትዝ አለው። የመድኃኒት ሻጩ ትዝ አለው። አንተ ስለማትሰማ ነው ብሎ የመለሰው የታችኛው ሰፈር መካኒክም ትዝ አለው። ከሁሉ ይልቅ ግን ከኔ ነው የወረሰችው እያለ የሳቀው ሳቅ ፊቱን አቃጠለው።

ያን ቀን ጥጡን አላወጣም። ደሙ ቆሟል፤ ሐኪሟ ያለችውም ጊዜ አልፏል፤ እሱ ግን ነክሶ ይዞታል። ጥጡ አፉ ውስጥ እስካለ ድረስ ለምን ዝም አልክ የሚለው የለም። ራት ቀረበ፤ ሾርባ በጥጡ ጎን እያሳለፈ ጠጣ። ሚጣ ተነሥታ ወደ ክፍሏ ስትገባ ባለቤቱ አተኩራ አየችው።

«ጥጡ እኮ ከደረቀ ቆየ» አለች። «የታመመው ሌላ ነገር ነው።»

ጋሽ ጆሮ ጥጡን አወጣና እጁ ውስጥ ጨበጠው። ከዚያ ነገራት፤ ስለ ፉጨቷ፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ በሩ። የስንት ዘመን ስሙ ሰዉ ፊት መሳቂያ እንደሚሆን፣ ደንበኛው ሁሉ ቱርቦዬን የገደልከው አንተ ነህ ብሎ እንደሚመጣበት ነገራት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ዝም ቢልና ልጅቷን ብቻ በሆነ ምክንያት በር ላይ እንዳታጠፋ ቢያደርጋት ምን ይመስልሻል ብሎም ጠየቃት። ባለቤቱ አልተቆጣችም። ስሙን፣ እናቱ ያወጣችለትን፣ ጠርታ «እኔ ምን እመልስልሃለሁ? የተበደልኩት እኔ አይደለሁም» አለችውና መብራቱን አጥፍታ ገባች።

በማግስቱ ክበቡ ከውድድሩ በፊት መኪኖቹን የሚመረምርበት ቀን ነበር። ጋሽ ጆሮ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በእግሩ ሄደ። መኪኖቹ የሚጠገኑበት የክበቡ መጋዘን ጋ ሲደርስ ነጯ መኪና ኮፈኗ ተከፍቷል። ኢንጂነሩ የቱርቦውን ቱቦ ፈትቶ መዘውሯን በጣቱ ወዲህ ወዲያ ያወዛውዛታል። መወዛወዝ አልነበረባትም። ሚጣ እጇን አጣጥፋ ግድግዳ ተደግፋለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ሊቀመንበሯ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ቃላቸውን ከመናገራቸው በፊት የሚያደርጉትን ጉሮሮ መጥረግ ጀምረዋል።

ጋሽ ጆሮ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ተናገረ።

«የልጄ እግር አይደለም» አለ። «የኔ በር ነው።»

አስረዳቸው። ሥርዓቱን ያላወቀ አልነበረም፤ ግማሾቹ ራሳቸው በዚያ በር ላይ ረግጠው አጥፍተዋል። ፉጨቷን በአፉ አስመስሎ አሰማቸው፤ በተነቀለው ጥርስ በኩል አየር ሲያልፍበት የባሰውን ተመሳሰለ፤ አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው ተወው። ኢንጂነሩ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

«እኔም ማየት ነበረብኝ» አለ። «ኮምፒውተሬ ከሞተሩ ጋር አብሮ ነው የሚተኛው፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ያለውን አይመዘግብልኝም። ቤትሽ ስትደርሺ እንዴት ታጠፊያለሽ ብዬ አለመጠየቄ የኔ ስህተት ነው።»

ሊቀመንበሯ ፈረዱ። የተወዛወዘ ቱርቦ ዳገት አይወጣም፤ ሚጣ ማጠቃለያውን አትወዳደርም፤ ይህ ደንብ ነው። መኪናው ግን የሷ እንደሆነ ይቀጥላል፤ እግርሽ ከባድ ነው ያልኩትንም በሰው ፊት እንዳልኩት በሰው ፊት አንሥቼዋለሁ አሉ። ከዚያ ወደ ጋሽ ጆሮ ዞረው፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ያንተ ብቻ ትንሽ አርፍዷል አሉት። ጋሽ ጆሮ አንገቱን ደፋ።

አባትና ልጅ የሰፈራቸውን ዳገት በእግራቸው አብረው ወጡ። ብዙ ከሄዱ በኋላ ነው ሚጣ የተናገረችው።

«ቱርቦው አይደለም ያናደደኝ» አለች። «አገሩ ሁሉ እግሬን ሲያማ አንተ በር ላይ ቁጭ ብለህ ትስቅ ነበር።»

ጋሽ ጆሮ እውነት ነው አለ፤ ያቺን ብቻ አለ። ይህን ያህል የከበደ ዳገት ሆኖበት አያውቅም።

በሩ ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ በዚያው ሳምንት በሽቦ ብሩሽ ፋቀው። በምትኩ ራሱ በተንጋደደ እጅ «ቀስ ብለህ ቁም፤ አታጥፋ» ብሎ ጻፈ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ምክንያቱን ይናገራል፤ ቤታቸውም በር ላይ ልማዱን እንዲተዉት ይለምናል። መድኃኒት ሻጩ ተቆጥቶ ሄደ፤ ዳግም አልመጣም፤ አይፈረድበትም። መምህርቷ ሳቀችና፣ እኔም ተማሪ ሳይጨርስ እየተናገርኩ ስንቱን አበላሽቻለሁ አለችው። ጋሽ ጆሮ ደግሞ ሥራ ሲቀልለት ወደ ክበቡ መጋዘን እየሄደ ከኢንጂነሩ ጋር አዲሱን ቱርቦ ገጠመ። ቱቦ ያዝልኝ ሲባል ይይዛል፣ ብሎን አቀብለኝ ሲባል ያቀብላል፤ ያልገባውን ይጠይቃል። ጎሚስታው ይህን ሲሰማ፣ የነቀሉት ጥርስ ነው ወይስ ምላስ ብሎ ጠየቀ።

ሚጣ በነዚያ ሳምንታት ማታ በእግሯ ትመጣለች። ደህና ዋልክ ትለዋለች፤ ደህና ዋልሽ ይላታል፤ ታልፋለች። ማጠቃለያው ሌላ ሰው አሸንፎት አለፈ። እናትየዋ ምልክቱ ስለቀረባት አንዳንድ ቀን ራቱን አሳርራ፣ አንዳንድ ቀን አቀዝቅዛ ታቀርባለች። ጋሽ ጆሮ የሰጡትን እየበላ፣ በሩ ላይ ይሰማው የነበረው አንድ ድምፅ እንዴት ቤት ሙሉ ይሞላ እንደነበር ያስባል።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ዳገቱን የምትወጣ መኪና ሰማ። ሦስት ሲሊንደር። ማርሽ አቀያየሩን አወቀው። ነጯ መኪና መጥታ በሩ ፊት ቀስ ብላ ቆመች። አልተረገጠችም። አልጠፋችም። እምምም እያለች በቀስታ መሥራት ቀጠለች፤ ሚጣም መሪውን ይዛ ፊት ለፊት እያየች ትጠብቅ ጀመር።

ጋሽ ጆሮ ጥቂት አመነታ። ከዚያ ተነሥቶ በወዲያኛው በር ዞረና ከፍቶ አጠገቧ ተቀመጠ። በሩን ዘጋው። በዚያች መኪና ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም ነበር፤ ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ነካው። ሞተሩ ይሠራል፤ እነሱም ይጠብቃሉ።

ሚጣ ናት የጀመረችው። ስለ አንዲት ተማሪዋ ነገረችው፤ መሪ ስትይዝ የምታለቅስ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከዚያ ስለ ዳገቱ ነገረችው፤ የመጨረሻው ኩርባ ላይ ሁልጊዜ እንደምትፈራ፣ ፈርታም እንደማታውቅ ሁሉ እንደምትረግጥ። ከዚያ ደግሞ ከአባቷ ጭን ላይ ሆና «ሳል አለው» ትል የነበረው ብዙ ጊዜ ምንም ሳትሰማ፣ ፊቱን አይታ እንደነበር ነገረችው። ጋሽ ጆሮ አላቋረጣትም። ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ ግቢ ኖረው ከነዚህ አንዱንም አያውቅም ነበር።

እናትየዋ የማታውቀው ዓይነት ድምፅ በሩ ላይ ሲቆይባት ልብስ እንደያዘች ብቅ አለች። ሁለቱን መኪና ውስጥ አየቻቸው። ተመለሰችና ድስቱን ጣደች።

ሚጣ የሙቀት መለኪያውን አየች።

«በቃ አባዬ፣ ቀዝቅዟል» አለች፤ እጇንም ወደ ቁልፉ ላከች። «አሁን ማጥፋት ይቻላል።»

«ትንሽ ይቆይ» አለ ጋሽ ጆሮ።